ግድግዳው የፈረሰበት ክረምት

ሶስና ቁልቋል ሰፈርን የመረጠችው ወዳው አልነበረም። ከጉና ግርጌ ካለው የአባቷ ቤት ወጥታ፣ ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ደብረ ታቦር ላይ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆና ስትቀጠር ደመወዟ የሚችለው ሰፈር እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ደላላው መጀመሪያ አስፋልት ዳር ያሉትን ቤቶች አሳያት። ኪራያቸውን ሲነግራት ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ነገሩ ገባውና በቁልቁለቱ ይዟት ወረደ። አስፋልቱ አለቀና ኮብልስቶን ሆነ፣ ኮብልስቶኑም አለቀና ጭቃ ሆነ። ሰዎች ድንጋይ እየጣሉ በሠሩት መረማመጃ ዘለል ዘለል እያሉ የወይዘሮ ማሬ ግቢ ደረሱ።

ወይዘሮ ማሬ ራሳቸው ከፊት ባለው ቤት ይኖራሉ። ከጓሮ በኩል በአንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተደረደሩ ክፍሎች ነበሯቸው፤ እነሱን ያከራያሉ። ለሁሉም ተከራይ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ ሽንት ቤት። ሽንት ቤቱ በሩ የሚዘጋው በገመድ ስለሆነ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ጀምሮ ጉሮሮውን እየጠረገ መሄድ ነበረበት። ውሃ የምትመጣው ደስ ሲላት ነው። ስትመጣ ግን ቀድሞ የሰማ ሰው «መጣች!» ብሎ ይጮኻል፤ ግቢው ሁሉ ጀሪካኑን እያንኳኳ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሶስና ጩኸቱን ስትሰማ እሳት የተነሣ እየመሰላት በባዶ እግሯ ትሮጥ ነበር። ኋላ ኋላ ግን «መጣች!» ብላ የምትጮኸው እሷው ሆነች።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ቡታጋዝ ከገቡባት በኋላ የቀረው ቦታ ለመቆም ብቻ ነው። ከጎረቤቷ የሚለያት ግድግዳ ቀጫጭን እንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ሲሆን ጣራው ጋ እንኳ አይደርስም ነበር። ወዲያ ማዶ ማንኪያ ቢወድቅ ወዲህ ይሰማል።

ወዲያ ማዶ የሚኖሩት አያ ወርቁና እትዬ ፈንታነሽ ነበሩ። አያ ወርቁ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ባጃጅ ከተማውን ከሞላው ወዲህ ሥራው ቢቀዘቅዝም፣ ከጉና በኩል በበቅሎ የሚመጡ ገበሬዎች ኮርቻቸው ሲበጠስ አሁንም እሳቸውን ነው የሚፈልጉት። እትዬ ፈንታነሽ የገብስ ቆሎ እየቆሉ ገበያ ይሸጣሉ። ልጆቻቸው አድገው በየአገሩ ተበትነዋል። ሶስና ሁለቱን ሽማግሎች የምታውቃቸው ግን በፊታቸው ሳይሆን በድምፃቸው ነበር። ድምፃቸውም ከጠዋት እስከ ማታ ጠብ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወስፌህን ከመኝታዬ ላይ አንሣ ብዬሃለሁ!»

«የት ላድርገው? ጉንጬ ላይ ልሰካው?»

«ብትሰካውማ አፍህን ይዘጋልህ ነበር!»

«የኔ ተዘግቶ ያንቺ ብቻ ሊሰማ? እግዜር አያድርገው!»

ሶስና ያደገችው ሰው በማይጮኽበት ቤት ነው። አባቷ ሲቆጡ ድምፃቸው ጭራሽ ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ፈርታ ወይዘሮ ማሬ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ ማሬ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እንዳይጎዳዱ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ማሬ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ጠጉሬ ሳይሸብት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ዝም ያሉ ቀን መጥተሽ ንገሪኝ።»

ሶስና አልሳቀችም። በዚያው ዓመት ሙሉቀን የሚባል የሒሳብ አስተማሪ፣ እዚያው ትምህርት ቤት የሚሠራ፣ ቀጭንና ጨዋ ልጅ፣ ሽማግሌ ወደ አባቷ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቃት። «ትዳር አልፈልግም» አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ ትዳር ማለት በግድግዳው በኩል የምትሰማው ከሆነ ብቻዋን ብትኖር ይሻላታል። ሙሉቀን አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሲያገኛት ሰላምታውን ግን አልተወም።

ክረምት ሲገባ ሶስና ወደ አገሯ አልሄደችም፤ ዲግሪዋን በክረምት ትምህርት ጀምራ ነበርና እዚያው ቀረች። ያን ዓመት የዘነበው ዝናብ አይረሳም። የቁልቋል ሰፈር መንገድ ወንዝ ሆነ፤ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር። ከጓሮ የሚወርደው ውሃ በመሠረቱ ሥር እየሰረገ ገብቶ የሶስናን ግድግዳ ከታች ጀምሮ አራሰው። በሐምሌ አጋማሽ ግድግዳው ወደ እሷ በኩል ተነፋ። ለወይዘሮ ማሬ ነገረቻቸው። መጥተው አዩት፣ በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት፣ «ይቆያል» ብለው ሄዱ።

አልቆየም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሶስና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታነብ ነበር። በዝናቡ መሐል የእትዬ ፈንታነሽ ድምፅ ተሰማ።

«ጭራሽ ጣቴን ልትነቅለው ነው እንዴ! በሬ የምትጠፍር መሰለህ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጭ! እንደ ውርንጭላ አትራገጭ!»

ሶስና «ዛሬስ መትተዋቸው ይሆናል» ብላ ብድግ ስትል ግድግዳው ዘፍ አለ። ጭቃው እንጨቱን ይዞ በወንበሯ ላይ ወደቀ። አቧራ እንኳ አልነበረውም፤ ቀና ስትል ወዲያ ማዶ ወለል ብሎ ታያት።

እትዬ ፈንታነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ወርቁ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ሆነው የሚስታቸውን እግር በሞቀ ውሃ ያጥባሉ። የእትዬ ፈንታነሽ እግር በገበያው ጭቃ ተሰነጣጥቆ ቆስሎ ነበር፤ ከሳፋው አጠገብ ለቁስሉ የሚቀባ ቅቤ በስኒ ተቀምጧል። አያ ወርቁ ግድግዳው ሲወድቅ እንኳ እግሩን አለቀቁም። ያንኑ እግር በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ ሶስና አፍጥጠው «ተጎዳሽ ወይ ልጄ?» አሉ።

«ኧረ እግሬን ልቀቅና ሂድ እያት!» ብለው ጮኹባቸው እትዬ ፈንታነሽ። «የሰው ልጅ ጭቃ በልቷት እግር ታቅፎ ይጠይቃል!»

ሶስና አልተጎዳችም ነበር። ዓመት ሙሉ ድብድብ ነው እያለች የሰማችው ነገር ለካ ይኼ ነበር።

ወይዘሮ ማሬ መጥተው ፍርስራሹን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። በክረምት የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፤ ከመስቀል በፊት ግድግዳ የሚባል ነገር አይታሰብም። ሌላ ባዶ ክፍልም የላቸውም። ሶስና ሌላ ቤት እንዳትከራይ ከዚያ የረከሰ ቤት ከተማው ውስጥ የለም። አያ ወርቁ ነገሩን ሰምተው የማዳበሪያ ከረጢት ፈታተው፣ በኮርቻ ክር ጥብቅ አድርገው ሰፍተው፣ ከማገር እስከ ማገር የሚደርስ መጋረጃ ሰቀሉ። ስፌቱ እንደ ኮርቻ ስፌታቸው ሁሉ የማይበጠስ ነበር።

መጋረጃው የሚወርደው ለልብስ መቀየሪያና ለመኝታ ብቻ ሆነ። ጠዋት ሲነጋ እትዬ ፈንታነሽ ከወዲያ ማዶ «ተነሥተሻል?» ይላሉ፤ ሶስና «ተነሥቻለሁ» ስትል መጋረጃው ይሰበሰባል፤ ሁለቱ ክፍል አንድ ቤት ይሆናል። ለብቻዋ ስትበላ የነበረችው ከነሱ ጋ መብላት ጀመረች። ድንች ተቀቅሎ በአዋዜ ሲቀርብ፣ አያ ወርቁ ትኩሱን እየላጡ አንዱን ለሚስታቸው፣ አንዱን ለሶስና ያቀብላሉ። እትዬ ፈንታነሽ «ልጣጩን ወፍራም አድርገህ ድንቹን ጨረስከው» ይላሉ፤ የተሰጣቸውን ግን ይበላሉ።

ያኔ ነው ሶስና የሚናገሩትንና የሚሠሩትን ለያይታ ማየት የጀመረችው። አያ ወርቁ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ክር በመርፌ ማስገባት አይችሉም። እትዬ ፈንታነሽ «ይኼ ዕውር!» እያሉ ጠዋት ጠዋት የቀኑን መርፌ ሁሉ ክር አስገብተው ተራ በተራ በበሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰክተውላቸው ይወጣሉ። አያ ወርቁ ደግሞ «አንቺ ጠጠር ለሰው ልታበዪ ነው?» እያሉ ገብሱን በሰፌድ ዘርግተው ይለቅማሉ፤ ጠጠሩን ማየት ስለማይችሉ በጣታቸው እየዳበሱ። ሶስና አንዳንዴ መጽሐፏን ዘግታ እነሱን ስታይ ትውላለች።

በፍልሰታ ጾም ጉድ ሆነ። ሶስና ያን ሰሞን ሆዷን ያማት ነበርና አንድ ቀን መጋረጃውን አውርዳ በቡታጋዟ ዕንቁላል ጠበሰች።

«ምንድነው የሸተተኝ?» አሉ እትዬ ፈንታነሽ ከወዲያ።

«ሽንኩርት ነው» አሉ አያ ወርቁ ቶሎ ብለው።

«ሽንኩርት? ይኼ ዕንቁላል ነው! አንተም ታውቀዋለህ!»

«እኔ ጉንፋን ይዞኛል፤ ምንም አይሸተኝ።»

ሶስና ጥብሱን ይዛ በሳቅ ታፈነች። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው ሥር የእትዬ ፈንታነሽ እጅ ብቅ አለ፤ የተቆራረሰ ዳቦ ይዟል። «የታመመ ሰው አይጾምም። በባዶው እንዳትበዪው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የቁጣ ነበር።

በዚያው ወር ሙሉቀን መጣ። ግድግዳው መፍረሱን ሰምቶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በዚያ ጭቃ ወርዶ ደረሰ። አያ ወርቁና እትዬ ፈንታነሽ የልጅቷ ወላጅ የሆኑ ይመስል በርጩማ ላይ አስቀምጠው ይመረምሩት ጀመር። የየት አገር ልጅ እንደሆነ፣ ወላጆቹ በሕይወት እንዳሉ፣ መጠጥ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቁት። ሙሉቀን ሁሉንም በለሰለሰ ድምፅ መለሰ።

«ትጣላለህ?» አሉት አያ ወርቁ በመጨረሻ።

«ኧረ እኔ አልጣላም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

እትዬ ፈንታነሽ ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት። «ታዲያ ስትናደድ ምን ትሆናለህ?»

«ዝም እላለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ሶስና እነሱ በአንድ ነገር ተስማምተው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ዝም!» አሉ እትዬ ፈንታነሽ። «ያቺ ልጅ ታዲያ መናደድህን በምን ትወቀው?»

ሙሉቀን ፈገግ አለ ብቻ። ሲሄድ ሶስና እስከ ግቢው በር ሸኘችው። በሩ ላይ ቆማ «ሽማግሌውን መላክ ትችላለህ» አለችው። ጃንጥላው ከእጁ ወደቀ።

መስቀል አልፎ ፀሐይ ወጣች፤ አደይ አበባው በየአጥሩ ሥር ፈካ። ወይዘሮ ማሬ አፈርና ጭድ አስመጡ። የግቢው ተከራይ ሁሉ ተሰብስቦ ጭቃውን በእግሩ ረገጠ፤ ሳቅና ቀልድ ነበር። አያ ወርቁ ግን እንደ ወትሯቸው ሳይከራከሩ ዋሉ፤ እትዬ ፈንታነሽ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ሲቆጡ ዋሉ፤ ጭቃው ቀጠነ፣ ጭዱ አነሰ፣ እንጨቱ ጠመመ እያሉ። መጋረጃው ተሰበሰበ። ግድግዳው ከታች ወደ ላይ እያደገ ሄደና መጀመሪያ በርጩማው፣ ቀጥሎ አልጋው፣ በመጨረሻ የሁለቱ ፊት ተሸፈነ።

«ከፈለግሽን አንኳኪ» አሉ አያ ወርቁ ከወዲያ።

«ምን ታንኳኳለች? ስትተነፍስስ እንሰማ የለ!» አሉ እትዬ ፈንታነሽ።

ሶስና እርጥብ ጭቃ በሚሸተው ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች። ወዲያ ማዶ ጠቡ እንደ ድሮው ቀጠለ። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን ስትሰማ እጃቸው የት እንዳለ ታውቅ ነበር።

ሙሉቀንን አገባች። ሌላ ቤት ተከራዩ፤ ዓመታት ሲያልፉ በማኅበር ተደራጅተው መሬት አገኙና ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ። ሶስና የጎረቤቶቿን ድምፅ አታውቀውም፤ የምታውቀው የብረት በራቸውን መከፈትና መዘጋት ብቻ ነው። ኤደንና ዮሴፍ የሚባሉ ልጆች ወለዱ፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ክፍል አለው። ውሃው ከጣራ ላይ ታንከር በቧንቧ ይወርዳል፤ ማንም «መጣች!» ብሎ አይጮኽም። ሙሉቀን ጥሩ ባል ነው፤ ሲከፋው ግን እንዳለው ዝም ይላል። አንዳንዴ ዝምታው ሳምንት ይሞላዋል። ሶስና ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ነገሩ ያልፋል።

አያ ወርቁ ያረፉት አምና ነው። ሶስና አልቅሳ ቀበረቻቸው፤ አርባቸው ሲወጣ እትዬ ፈንታነሽን «ከኔ ጋ ይኖራሉ» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ለብቻቸው ክፍል፣ ለብቻቸው መታጠቢያ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሩን ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ምሽት ሙሉቀን ስልኩን ይዞ፣ ልጆቹ በየክፍላቸው ሆነው፣ ሁሉም ቤት ውስጥ እያለ፣

«ልጄ፣ እናንተ ቤት ሰው የለም እንዴ?» አሏት።

በነጋታው ወደ ቁልቋል ሰፈር መለሰቻቸው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትሄዳለች። ኮብልስቶኑ ዛሬ ወይዘሮ ማሬ በር ደርሷል። በሶስና አሮጌ ክፍል እመቤት የምትባል አዲስ የተቀጠረች ነርስ ገብታበታለች። በቅርቡ እመቤት ቧንቧው ጋ ጠብቃ ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«እትዬ ሶስና፣ እማማ ፈንታነሽ ከማን ጋ ነው የሚጣሉት? ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። የምሰማው ግን የሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው።»

«ከባላቸው ጋ ነው» አለች ሶስና።

«ባላቸው ሞተዋል አሉኝ እኮ።»

«አዎ።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው?»

«የለም» አለች ሶስና። «መልስ የሚሰጣቸው አጥተው ነው። አንቺ መልሺላቸው።»

በሚቀጥለው እሁድ ሶስና ገና ግቢው ሳትገባ ጩኸቱን ሰማች።

«እማማ፣ ቆሎው አርሯል!» ትላለች እመቤት ከወዲህ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«አረረ ያልሽው አንቺ ነሽ? አፍንጫሽ ይረር! እኔ ቆሎ ስቆላ እናትሽ አልተወለደችም!»

«ታዲያ ለምን ጭሱ እኔ ቤት መጣ?»

«ቤትሽን ዝጊው! ደግሞ ትመልሳለች! ነይ እስኪ ቅመሺና አረረ በይ!»

እመቤት ከክፍሏ እየሳቀች ወጥታ ወዲያኛው በር ገባች። ሶስና ግቢው መሐል ቆማ ቀረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ መግባት አልፈለገችም። የያዘችውን ስኳርና ዘይት ለወይዘሮ ማሬ ሰጥታ ቁልቁለቱን ሽቅብ ተመለሰች።

ቤቷ ስትደርስ ሙሉቀን ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው። «ደህና ዋልሽ» አላት፣ ቀና ሳይል። ሶስና ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሙሉቀን፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም አይደለም። ተናደሃል። ንገረኝ።»

«ተይው በቃ።»

«አልተውም!» ድምፅዋ ለራሷም እስኪያስደነግጣት ጮኸች። «ጩኽብኝ! አንድ ቀን እንኳ ጩኽብኝ!»

ሙሉቀን ስልኩን አስቀመጠ። በመጀመሪያ የወጣው ድምፅ ሳል ይመስል ነበር፤ ከዚያ ግን ተከፈተ።

«እሁድ እሁድ ትተሽን ትሄጃለሽ! ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ነው፤ ያለችን አንድ ቀን ናት፤ እሷንም ለቁልቋል ሰፈር ሰጠሻት! አንድ ቀን እንኳ አብረን እንሂድ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? እዚያ ጭቃ ውስጥ ወርጄ የለመንኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ እንደዚያ አትልም ነበር? እኔ በምን አውቄ?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ስጠይቅህ ‹ምንም› ትላለህ!»

የልጆቹ በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። ዮሴፍ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ ብቅ አለ። ኤደን ከኋላው ቆማ እናቷንና አባቷን አፈራርቃ አየቻቸው።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች።

«እየተጣላን ነው» አለች ሶስና፣ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ እየጣለች። «ኑ ተቀመጡ።»

ሙሉቀን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ልጆቹን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

«አዎ ተቀመጡ» አለ። «ገና አልጨረስንም።»